የኋላ በር

ባለታክሲው የትንሿ የሃይማኖት ትምህርት ቤት የጸሎት ክፍል ግድግዳ ላይ ተደግፎ፣ ኪሱ ውስጥ ያለውን አዲስ የበር እጀታ በጣቱ ይደባብስ ነበር። የታክሲው የኋላ በር ከውስጥ አልከፈት ካለ ከርሟል። ጠዋት ጠዋት፣ ያ ሁሉ ወላጅ እያየው፣ ወርዶና ዞሮ ለልጁ ሲከፍትላት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይወድ ነበር። ዛሬ ግን በቃ፤ ጸሎቱ እንዳለቀ እዚያው ግቢ ውስጥ ሊገጥመው ቆርጧል።

በሳምንቱ መዝጊያ ጸሎት ላይ ልጆቹ ወላጆቻቸው ፊት አንድ አንድ ምስጋና ያቀርባሉ። አንዱ እናቱ ከሕመሟ ስለዳነችለት፣ ሌላዋ ወንድም ስለተወለደላት አመሰገኑ። ከዚያ የእሱ ልጅ ተነሳችና ዓይኗን ጭፍን አደረገች።

«አምላኬ ሆይ፣ የታክሲያችንን በር ስላበላሸህልኝ አመሰግንሃለሁ። አባዬ በየቀኑ ወርዶ እንደ ንግሥት ይከፍትልኛል። እባክህ፣ መቼም እንዳይሠራ!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህርቷ ሳይቀሩ ፊታቸውን በጸሎት መጽሐፋቸው ከለሉ። አጠገቡ የቆመችው ፀጉር ሠሪ እናት በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ምን ትጠብቃለህ? አሜን በላ!»

ባለታክሲው እጀታውን ወደ ኪሱ ጥግ ገፋ አድርጎ፣ ግድግዳው እስኪያስተጋባ ድረስ «አሜን!» አለ።