ሁለት ምስክር

ሐኪሞች ለሰው ዓይን አንደበት ከሰጡት ወዲህ በዓይኑ የሚምል ሰው ጠፍቷል። ጡረተኛው ይመኑ ግን አፉ ለምዶበት ማለ። ሚስቱ ስንቅነሽ ባዶውን ገመድ እያሳየች፣ "ቋንጣዬ የት ሄደ?" ብትለው፣ "ካየሁት ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" አላት።

ወዲያው የግራ ዓይኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እትዬ፣ እውነታቸውን ነው። እኔ እንኳን ቋንጣውን ገመዱንም አላየሁ። ሞራ ከጋረደኝ ቆየ። ሐኪም ያሳዩኝ ብላቸው፣ 'ዝም በል፣ ሚስቴ ትሰማለች' ይሉኛል።"

ስንቅነሽ ቋንጣውን ረሳችው።

"ለካ ሻይ ስትቀዳ ጠረጴዛው ላይ የምታፈሰው ለዚህ ነው! የመኪና መብራት ተበተነብኝ የምትለውም ለዚህ ነው!"

"አያመኝም እኮ!"

"እሱ አይደል የሚያስፈራው! ሕመም የለውም እያልክ ጭራሽ ሊጠፋ ነበር!"

ነጠላዋን ደረብ አድርጋ ወደ ዓይን ሐኪም ቤት ልትወስደው ክንዱን ይዛ ጎተተችው። ይመኑ ከቋንጣው ጣጣ በመገላገሉ ደስ ብሎት ተከተላት።

በሩ ላይ ሲደርሱ የቀኝ ዓይኑ ተናገረ።

"ይቅርታ፣ እትዬ። እኔ ጤነኛ ነኝ። እሳቸው ቋንጣውን ሲበሉ አይቻለሁ።"

ስንቅነሽ ቆም ብላ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"በል ፍጠን! ያኛውም ይዳንልኝ። እኔ በአንድ ምስክር አልፈርድም።"