የፊተኛው መኪና

«እስቲ አሁን ይሄ መኪና ነው?» አለ ባልየው፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ከፊታቸው የሚነዳውን አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በአገጩ እያመለከተ። «ድምፅ እንኳ የለው! ቻርጅ የሚደረግ ነገር ስልክ ነው እንጂ መኪና አይባልም።»

ሚስቱ የራሳቸውን ዳሽቦርድ አየች።

«ጀርመን ሞተር ይሠራል። ጃፓን ዕድሜ ይሠራል። ቻይና ጆግ አቅልጦ ጎማ ይገጥምለታል። ወንድምሽን ስንቴ መከርኩት! አዲሱ ካልሆነልህ እንደኔ አሮጌ ጃፓን ግዛ፣ ለልጅህ ታወርሰዋለህ አልኩት። አልሰማ አለ። ቆይ፣ ዳገት ላይ ታዪዋለሽ።»

«ዳገቱን እኮ ወጣነው» አለችው።

«ገና ነው! ክረምት ይምጣ። ውሃ ሲነካው ጭጭ ነው የሚለው። ያኔ የኔን በር ሲያንኳኳ አየዋለሁ።»

ዳገቱ ጫፍ ላይ ይዟቸው የነበረው መብራት አረንጓዴ ሆነ። እሱ ግን ወሬው ይዞት እግሩን ከፍሬን ላይ አላነሳም። የፊተኛው መኪና ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቆመ፤ ወጣቱ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑን ልቀቀው እንጂ! ጋራዥ ሳንደርስ ገመዱ ሊበጠስ ነው!»