የወንድም ክንድ

ነጋዴው በአቡጀዲው ጣቃ ላይ ስለ ርዝመቱ የታተመውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ለገዢዋ ሴት አሳያት። «ኃይለ ሥላሴ ይሙት አላታለልኩሽም! ይቺ ቃል ‹አፕሮክሲሜትሊ› ትባላለች፤ ‹ግድም› ማለት ናት። የሠራው ፈረንጅ እንኳ በልኩ አልማለም፤ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?»

«የፈረንጁን አላውቅም፣ ጋሼ። የወንድሜን ክንድ ግን አውቃለሁ፤ እሱ ይለካ» አለች። ጨርቁ ጠዋት ላረፈችው እናታቸው መገነዣ ነበር። ታላቅ ወንድሟን ያስከተለችውም ለዚሁ ነው፤ በመላው መርካቶ እንደ እሱ ክንዱ የረዘመ ያለ አይመስላትም። እሱ ሃያ ክንድ ከለካ እናታቸው ከራሷ እስከ እግር ጥፍሯ ትሸፈናለች።

ነጋዴው ሳይከራከር ጣቃውን አቀበለው። ወንድሟ ጨርቁን ከክርኑ እያስነሳ ጮክ ብሎ ቆጠረ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ቀና ስትል እጁን አየችው። አራቱ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈዋል፤ ልኩም ጣቱ ጫፍ ሳይደርስ አንጓው ላይ ያልቃል። ፊቱን ስታየው ዓይኑን ወደ ነጋዴው አሸሸ፣ ባለፈው ሳምንት ዘበኛ አድርጎ ሊቀጥረው ቃል ወደ ገባለት ሰው።

«ያው ግድም ነው፣ እህቴ» አላት ቀስ ብሎ።

እጁን ያዘችና፣ እናታቸው ጥፍሩን ልትቆርጥለት ስትል ታደርግ እንደነበረው፣ የታጠፉትን ጣቶች አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ከዚያ የጨርቁን ጫፍ መልሳ ከክርኑ አስነካችና፣

«አንድ» አለች።