ክፍል ውስጥ እንዳታዜም

የሒሳብ መምህሩ ከየቡድኑ አንድ ተማሪ በድንገት ያስነሳሉ፤ እሱ ያመጣው ውጤት የአምስቱም ነው። የዛሬው ጣታቸው ዲያቆኑ ተማሪ ላይ ሲያርፍ፣ የቡድኑ መሪ ባንችይርጋ ክው አለች።

ልጁ ጠመኔውን ጨብጦ ሰሌዳው ፊት ተገተረ። ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ከቡድኑ ጋር ሲያጠና፣ የሒሳቡን ቀመር እንደ አብነት ትምህርት ቤት ልማዱ በዜማ ይለዋል፤ እነሱ ያጨበጭቡለታል። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። አሁን ግን ከንፈሩ ይላወሳል እንጂ ድምፅ አይወጣውም።

«ምነው፣ ጠፋህ?» አሉ መምህሩ ቀይ እስክሪብቷቸውን እያነሱ።

ልጁ ዞር ብሎ ባንችይርጋን አያት። ፈቃድ የሚጠይቅ ዓይን ነበር። ያን ጊዜ ትዝ አላት፤ ጠዋት በሩ ላይ፣ «አደራህን፣ ክፍል ውስጥ እንዳታዜም! መሳቂያ ታደርገናለህ» ያለችው ራሷ ነበረች።

ዴስኩን በመዳፏ እንደ ከበሮ መታችው። ደገመችው።

«ማነው እሱ?»

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር» ብላ ተነሳች። እጇ መምታቱን አላቆመም። «ዲያቆን፣ አዚመው!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ከአጠገቧ የሦስቱ ጓደኞቿ መዳፎች ምቱን ተቀበሏት፤ ሳቁ ሳይበርድ ጠመኔው ሰሌዳውን መጫር ጀመረ።