የዋሸሁት ዕድሜ

«ማሙሽ፣ አሳዳጊህን ጥራ» አለችኝ ነርሷ። ጢሜ ሸብቷል፤ እሷ ገና ትናንት የተመረቀች ትመስላለች።

ለክለብ ስፈርም ሃያ አራት ዓመቴን አሥራ ሰባት ነው ብዬ ነበር። ያላለ ማን አለ? ድሮ የተያዘ ተጫዋች ታግዶ ይመለስ ነበር፤ አዲሱ ሕግ ግን «ዕድሜውን የዋሸ፣ እስኪሞት በዋሸው ዕድሜ ይኑር» አለ። ይኸው፣ ከመሸ የገዛ ቤቴ በር እንኳ ያለ አሳዳጊ ፈቃድ አይከፈትልኝም።

«እባክሽ እህቴ፣ ሚስቴ በምጥ ራሷን ስታለች፤ ደም እየፈሰሳት ነው! ለኦፕራሲዮኑ እኔ ልፈርም!»

«ማሽኑ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው አሻራ አይቀበልም። ፍርድ ቤት የሾመልህ አሳዳጊ ማን ነው? አሁኑኑ ላስጠራው።»



«ወይንሸት ትባላለች» አልኳት። «ውስጥ የተኛችው ሚስቴ።»