ከሐዲዱ ሥር

መሰርሰሪያው ጄሶውን ዘልቆ በወዲያኛው በኩል ብቅ ሲል፣ ትንሿ የካርቶን ቤት ከመሠረቷ ብድግ አለች።

ሰዓት ሠሪው እጁን ገታ። ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር የሞላው የሰፈሩ አሮጌ የባቡር መስመር አምሳያ ነው፦ ጣቢያው፣ የውሃ ጋኑ፣ ጣት ጣት የሚያህሉት ፉርጎዎች፣ ሐዲዱን በጀርባው አዝሎ የሚያልፈው ረጅም የአፈር ጉብታ። እውነተኛው ባቡር ከቀረ ወዲህ ልጆች ተወልደው ልጆች ወልደዋል። እሱ ግን ሽማግሌ እየጠየቀ፣ ፎቶ እየለመነ፣ የተሳሳተውን እያፈረሰ፣ መስመሩን እንደ ነበረ አድርጎ ሲሠራ ጸጉሩ ሸበተ። በልጅነቱ ባቡሩ ሳይታይ የሚታወቀው በብርጭቆ ውሃ ነበር። ውሃው መርገብገብ ሲጀምር እናቱ፣ ፈጣሪ ሳያስጠነቅቅ አይልክም እያለች፣ ልጆቿን ከሐዲዱ ላይ ትሰበስባለች።

በነበረው ላይ የጨመረው አንድ ነገር ቢኖር ይህችን ቤት ነው፤ እሷንም ያሠራችው ሚስቱ ናት። አገሩን ሁሉ ሠርተህ እኔን የት ልታሳድረኝ ነው ብትለው፣ ከክብሪት ቀፎ ቆራርጦ፣ ቤታቸው ዛሬ ባለበት ቦታ፣ ጀርባዋን ለጉብታው አስደግፎ አስቀመጠላት። ምድር ቤቱን እንኳ አልዘለለም።

የዛሬውን ማሻሻያ ያመጣው ትናንት ያገኘው ፎቶ ነው። እሱ ከመወለዱ በፊት ከጉብታው ወዲያ ማዶ፣ ከሸለቆው በኩል የተነሣ ነው። ከጉብታው ግርጌ አንድ ጥቁር ነገር ይታያል። ጥላ ነው ብሎ ሊያልፈው ነበር። ከምሳ በኋላ የሰዓት መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ሲያየው ግን በፎቶው ያሉት የምሰሶዎች ጥላ በሙሉ ወደ ግራ ወድቋል፤ ይህ ጥቁር ደግሞ ፀሐይ ፊት ለፊት በሚመታው ድንጋይ መሃል ነው። እዚያ ጥላ ምን ይሠራል? አፍ ነው። የሸለቆውን ጎርፍ በጉብታው ሥር የሚያሳልፍ፣ በጥርብ ድንጋይ የታነጸ የውሃ መሹለኪያ። አቅጣጫውን ከፎቶው ለካ፣ የጄሶውን ጉብታ እንደዚያው ትንሽ አጋድሞ ሰረሰረ።

የወጣውም ከሚስቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው።

በመስኮቱ ቀና ብሎ አየ። ከላይ፣ ተራራው ላይ፣ ሰማዩ ከሰል መስሏል፤ እነሱ ሰፈር ግን ገና ጠብታ አልወደቀም።

ሚስቱ የሕፃን ልብስ በክንዷ ደርባ ገባች። የተገለበጠችውን ቤት አይታ ሳቀች።

«ዛሬ ደግሞ ባለቤቴ ቤቴን አፍርሶ ሊያስወጣኝ ነው?»

አልሳቀላትም። መንገድ ሠሪዎቹ ስላገኙት ጉድጓድ ያወራችውን እንድትደግምለት ጠየቃት።

«ጠዋት ስነግርህ ጆሮህን ፉርጎ ላይ ጭነህ ሰደኸው ነበራ» አለችና ደገመችለት። ሠሪዎቹ ከጉብታው ማዶ ሲቆፍሩ በአፈርና በቆሻሻ የተደፈነ የድንጋይ ቀዳዳ አገኙ። ጠርገው፣ አጥበው ከፈቱት። ከእንግዲህ ጎርፉ መንገዳቸው ላይ አይተኛም፣ የሚሄድበት አገኘ ብለው ደስ አላቸው። እሷም ደስ ብሏት ነበር።

ሰዓት ሠሪው ቤቱን ሲገዙ የምድር ቤቱ የኋላ ግድግዳ በሲሚንቶ ተለስኖ እንዳገኙት አስታወሰ። ኖራ ቀብተው፣ ፀጥታውን ወደው፣ አራስ ልጃቸውን ከነሕፃኗ ያስተኙት እዚያ ነው።

እንዴት ብሎ እንደሚነግራት ጨነቀው። የሚጠጣውን ውሃ አነሣና ከጄሶው ጉብታ ጀርባ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። ውሃው መጀመሪያ ተኛ። ከዚያ የሚሄድበትን አገኘ። በወዲህ በኩል ቤቲቱ ተንሳፈፈች፣ አንዴ ዞረች፣ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሄደች።

የሚስቱ ፈገግታ ትንሽ ፊቷ ላይ ቆየ፤ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ዕቃ ይመስል ነበር። ልብሱ ከክንዷ ሲወድቅ አልጎነበሰችም። ጫማዋንም አልፈለገችም።

ደረጃውን ተከትሏት ሲወርድ ልጃቸው ቀድማ በሩን ከፍታ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጠበቀቻቸው።

«ቀስ በሉ፣ ገና አሁን ነው የተኛችው። እኔ አቅቶኝ ወለሉ እሹሩሩ ብሎ አስተኛልኝ። ስሚው እስቲ፣ እማዬ።»

እናቷ አልሰማችም፤ ሕፃኗን ከነብርድ ልብሷ አቅፋ፣ ገፍታት ወጣች።

«አባዬ፣ ምን ሆናችኋል?»

ሰዓት ሠሪው መዳፉን የኋላው ግድግዳ ላይ አሳረፈ። ኖራው ረጥቧል። ከርጥበቱ ሥር፣ እንደ ሰዓት ሆድ፣ የሚሠራ ነገር አለ።

«ነይ ልጄ» አላት፤ ድምፁን ሳያነሣ። «ምንም አትያዢ። ነይ።»

ክርክር የምትወደው ልጅ አልተከራከረችም። እጇን ይዞ ወደ በሩ ሲዞር ዓይኑ ከአልጋው ግርጌ፣ ጥሟን የምትቆርጥበት ብርጭቆ ላይ ዐረፈ። ማንም አልነካውም። የውሃው ፊት ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በቀጫጭን ክብ ይርገበገባል።