የጋሼ አዲስ ጠባይ

ኤሊውን ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። በተሳቢ እንስሳት ማቆያው ግቢ ውስጥ አንቱ የሚባሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁን እንኳ ዘበኛው አንተ ይለዋል። ክብሩ የመጣው በዕድሜያቸው ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ከዘራቸው የተረፉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሚስት ሊፈልጉላቸው ወንዙን ከላይ እስከ ታች ያሰሱ ባለሙያዎች ጫማቸውን አበላሽተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

ለዚህ ሁሉ ክብር የሚመጥን ጠባይ ግን አልነበራቸውም። ጎመን ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሰው ሲጠጋቸው ይናከሳሉ። ተንከባካቢያቸው ጣቷን በፋሻ ሳትጠቀልል ያሳለፈችው ሳምንት ጥቂት ነው። ቢሆንም ትወዳቸዋለች።

"እኔም እንደሳቸው ብቻዬን ብቀር እናከስ ነበር" ትላለች።

ጎርፉ የመጣው ጠዋት ነው። ወንዙ አጥሩን ጥሶ ሲገባ ሠራተኛው ሁሉ ሳጥን ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ወዳለው መጋዘን ይሮጥ ጀመር። ተንከባካቢዋ እንሽላሊቶቹን አወጣች፤ እባቦቹንም በትራስ ልብስ ቋጥራ አወጣች። ጋሼን ለመጨረሻ አቆየቻቸው። እንዳይነክሷት ፈርታ ነው። ስትመለስ ማደሪያቸውን ውሃ ውጦታል።

ከዚያ በኋላ ማን ያባብላት! አንድ ዘር እስከ ወዲያኛው የጠፋው በእሷ ፍርሃት ነው።

"ጣቴን ቢበሉኝስ ምን ነበረበት?" ትልና መልሳ ታለቅሳለች።

ባሏ ጎሚስታ ነው። ደግ ሰው ነው፤ አንድ አመል ብቻ አለበት። ሰው ሲያዝን ማየት አይችልም። የአማቱ ድመት የጠፋች ጊዜ ከየትም ፈልጎ ሌላ ግራጫ ድመት አመጣና "ይኸው ተገኘች!" ብሎ ሰጣቸው። አማቱም "ስትንከራተት ከርማ ልጅ ሆና መጣች" እያሉ እስከ ዛሬ ይገረማሉ። ሚስቱ ነገሩን ታውቃለች፤ ለእናቷ ስትል ዝም አለች።

ውሃው በጎደለ ማግስት ባል ቦት ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ በሸሚዙ የጠቀለለውን ነገር ታቅፎ ማቆያው ግቢ ገባ። ሸሚዙን ሲገልጠው ሚስቱ ጮኸች።

"ጋሼ!"

"ታች ድልድዩ ሥር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸጉጠው አገኘኋቸው" አለ።

ግቢው በደስታ ቀለጠ። ሥራ አስኪያጁ ዘበኛውን አቀፈ። ጀርባቸው ላይ የነበረውን ቀይ የቀለም ምልክት ጎርፉ አጥቦት ነበርና አዲስ ተቀባላቸው።

ጥርጣሬው የጀመረው በጎመኑ ነው። ጋሼ የቀረበላቸውን ጠራርገው በሉና ይጨመርልኝ በሚል ዓይነት አንገታቸውን አሰገጉ። ሲጨመርላቸው ያንንም በሉ። በማግስቱ ተንከባካቢዋ ጣቷን አፋቸው አጠገብ ረሳችው። አሽትተው ተዉት።

"ጎርፉ ሥነ ሥርዓት አስተማራቸው" አለ ዘበኛው።

እሷ ግን ድመቷ ትዝ አለቻት። ጋሼንና ተራ ኤሊን ለመለየት ሐኪምና ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል። ተራ ኤሊ ፈልጎ ማምጣት ጎሚስታን ምን ይሳነዋል!

ቤት እንደገባች ባሏን አፋጠጠችው።

"እውነቱን ንገረኝ። ከየት አመጣሃቸው?"

"ነገርኩሽ እኮ! ከድልድዩ ሥር።"

"የእማዬንም ድመት ከጎረቤት ጣሪያ ላይ አወረድኳት ብለህ ነበር።"

"እሱ ሌላ ነው" አለ ጉሮሮውን እየጠረገ። "ይሄን ግን እናቴ ትሙት!"

"ያኔም እናቴ ትሙት ብለሃል። ይኸው እናትህ ደህና ናቸው።"

ቀኑን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ መዋል ሆነ ሥራዋ። ብትናገር ባሏ ይዋረዳል፣ እሷም እንጀራዋን ታጣለች። ዝም ብትል ደግሞ እውነተኛው ጋሼ የሚያለቅስላቸው እንኳ ሳያገኙ ሊቀሩ ነው። አንጀቷን የበላት ይሄኛው ነው። ማደሪያቸውን ባጸዳች ቁጥር ጥግ ላይ የተጫረውን አፈር እየደለደለች "አንተ ማን ነህ?" ትላቸዋለች፣ አንቱታውን ትታ። እሳቸው ጎመናቸውን ያላምጣሉ።

የእንስሳት ሐኪሙ ሊመረምራቸው የመጣ ዕለት ራሷ ያዘችለት። ሐኪሙ ማጉያውን አውጥቶ አንገታቸውን፣ ጥፍራቸውን፣ የጀርባቸውን ጠርዝ አንድ በአንድ አየ። ከዚያም እንደገና ከአንገታቸው ጀመረ።

"ገልብጬ ሆዳቸውንም ላሳይ?" አለችው፣ የመጣው ይምጣ ብላ።

"ተያቸው፤ ከጎርፍ የተረፈ እንስሳ አይገለበጥም። ደግሞ ምን ያጠራጥራል?" ማጉያውን ወደ ኪሱ መለሰ። "ዘሩ ያው ነው፤ አልተሳሳትኩም። ከዚህ ዘር ደግሞ በዓለም ላይ ያለው አንድ ነው። እሳቸው ናቸው።"

እያለቀሰች ሳቀች፣ እየሳቀች ለባሏ ደወለች።

"ይቅር በለኝ። ራሳቸው ናቸው።"

"እኔስ ምን አልኩ?" አለ ባል፣ ደረቱ በስልክ ውስጥ ሲነፋ እየተሰማ። "የድመቷን ነገር ግን ለእናትሽ እንዳትነግሪ።"

በማግስቱ ጠዋት፣ አንተ ስላለቻቸው ይቅርታ ልትጠይቅ፣ ከገበያው ለምለሙን ጎመን መርጣ ገባች።

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ በኋላ እግራቸው አፈሩን ቀስ እያሉ እየገፉ፣ የጣሏቸውን ነጫጭ እንቁላሎች ይሸፍኑ ነበር።